ቁጥሩ ስክሪኑ ላይ ስለታየ ሴንሰሩ ሠራ ማለት አይደለም

ይሄ ጽሑፍ ረዘም ይላል፤ አስቀድሜ ይቅርታ። ኤሌክትሮኒክስ የማይመለከታችሁ ጓደኞቼም ቢያንስ እስከ መሃሉ ታገሱኝ፣ ጉዳዩ የሽቦ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ግንቦት ሲገባ የውስጥ መስመሬ በአንድ ዓይነት መልእክት ይጥለቀለቃል። «ቲቸር፣ ሴንሰሩ አይሠራም።» «ቲቸር፣ ላይብረሪውን ጭኛለሁ ግን ዜሮ ዜሮ ይለኛል።» «ቲቸር፣ ዲፌንሱ ሐሙስ ነው፣ ድረስልኝ።» ምን ሴንሰር ነው ስል «የርቀት» ይሉኛል። የትኛው ስል ፎቶ ይላካል። ዳታሺቱን አይተኸዋል ስል ዝም። ትንሽ ቆይቶ «ዩቲዩብ ላይ ያለው ሰውዬ ግን በዚሁ ኮድ ሠርቶለታል» የሚል ይመጣል።

ልጆቹን ለመውቀስ አይደለም የምጽፈው። ልጆቹ የተጠየቁትን ነው ያደረጉት። የተጠየቁት ደግሞ በዲፌንስ ቀን ኤልሲዲ ላይ ቁጥር ማሳየት ነው። እኔ የተናደድኩት በጠያቂው ነው።

አቋሜን ከመጀመሪያው ላስቀምጥ። የኦፕቲካል ርቀት መለኪያ ሴንሰር ይዞ ለመመረቂያ የሚቀርብ ተማሪ፣ ሴንሰሩ ከርቀቱ ጋር አብሮ የሚልከውን «ይህን ቁጥር እመኑኝ» ወይም «እንዳታምኑኝ» የሚል መረጃ ኮዱ ውስጥ ካላነበበው፣ ፕሮጀክቱ አላለቀም። ቁጥሩ ቢያምርም አላለቀም። ሳጥኑ በሌዘር የተቆረጠ ቢሆንም አላለቀም። «ግሩም ሥራ ነው» ብሎ ኤ የሚሰጥ ፈታኝ ደግሞ የተቀመጠበትን ሥራ አልሠራም።

ምነው ይሄን ያህል አመረርክ የሚል ይኖራል። ከመመረቂያ ፕሮጀክቶቻችን መካከል ከማይጠፉት አንዱ ለዓይነ ስውራን የሚሠራው «ስማርት በትር» ስለሆነ ነው። መግቢያው ላይ ስለ ወገኖቻችን የሚያምር አንቀጽ ይጻፋል፣ ጫፉ ላይ ሴንሰር ይታሰራል፣ መያዣው ላይ የሚጮህ ነገር ይደረጋል። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ግን ተራው ነጭ በትር እኮ ባትሪ የለውም፣ አይዋሽም፤ ድንጋይ ሲነካ ድንጋይ ነው፣ ባዶ ሲሆን ባዶ ነው። እኛ ሴንሰር ለጥፈንበት ስንሰጠው ሰውየውን «ከእጅህ ስሜት ይልቅ የኛን ድምፅ እመን» እያልነው ነው። መሣሪያው ዝም ካለ መንገዱ ክፍት ነው ብሎ ይራመዳል። ስለዚህ ዝምታው ሁለት ትርጉም ሊኖረው አይገባም። «ከፊትህ ምንም የለም» ማለትና «ከፊትህ ምን እንዳለ አላውቅም» ማለት አንድ አይደሉም። የማያቸው ኮዶች አብዛኞቹ ሁለቱን አንድ ያደርጓቸዋል። የምጣላው ከዚህ ጋር ነው።

በተጨባጭ ላሳያችሁ። ምሳሌዬ ቲኤፍ-ሉና ናት፤ የቻይናው ቤነዌክ የሚያመርታት፣ ከክብሪት ቀፎ የምታንስ፣ ክብደቷ 5 ግራም የማይሞላ ሞጁል። 850 ናኖሜትር የሆነ ለዓይን የማይታይ ኢንፍራሬድ ብርሃን ትልካለች፤ ብርሃኑ ዕቃው ላይ ነጥሮ ሲመለስ፣ የተመለሰው ሞገድ ከተላከው ምን ያህል እንደዘገየ ለክታ ርቀቱን ታወጣለች። ይሄን ስራ አርዱዪኖው ራሱ ይሥራው ብትሉ አይችልም። ለአንድ ሴንቲሜትር ደርሶ መልስ ብርሃን የሚፈጅበት ጊዜ 67 ፒኮሰከንድ ገደማ ነው። የአርዱዪኖ ኡኖ ሰዓት በ16 ሜጋኸርዝ ሲመታ ከአንዱ ምት እስከ ቀጣዩ 62.5 ናኖሰከንድ ነው፤ በዚያች ጊዜ ብርሃን ወደ 19 ሜትር ተጉዟል። ስለዚህ ልኬቱን ሞጁሏ ጨርሳ፣ ውጤቱን በዲጂታል ትነግረናለች። የኛ ድርሻ ማዳመጥ ነው። ማዳመጥም አቅቶናል እያልኩ ነው።

አገጣጠሙ ላይ ብዙ አልቆይም፣ ግን ሦስት አራት ቦታ ላይ ሰው ሲወድቅ ስላየሁ ልናገር። ስድስት ፒን አላት፦ የመጀመሪያው 5 ቮልት፣ ሁለተኛው መቀበያ፣ ሦስተኛው መላኪያ፣ አራተኛው ግራውንድ፣ አምስተኛው የመገናኛ መንገድ መምረጫ፣ ስድስተኛውን ለጊዜው ተዉት። አምስተኛው ክፍት ከተተወ በሲሪያል ታወራለች፤ ከግራውንድ ጋር ከተያያዘ በአይ-ቱ-ሲ ታወራለች። «አይ-ቱ-ሲ ስካነር አያገኛትም» ብላችሁ ከምትጽፉልኝ አሥር ሰዎች ስንቶቻችሁ አምስተኛውን ፒን እንዳልነካችሁ እኔና እናንተ እናውቃለን።

መብራቷ ከ3.7 እስከ 5.2 ቮልት ነው። «ሴንሰር ስለሆነ 3.3 ላይ ልሰካው» የሚለው ግምት ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ ከኡኖ 3.3 ፒን ላይ ሰክታችሁ ደከም ያለ ቁጥር ብትሰጣችሁ አትፍረዱባት። ምልክት የምታስተላልፍባቸው ሽቦዎች ግን 3.3 ቮልት ናቸው። የኡኖው መላኪያ 5 ቮልት ስለሆነ በቀጥታ ወደ ሞጁሏ መቀበያ አይገባም፤ አንድ ኪሎ ኦምና ሁለት ኪሎ ኦም ሬዚስተር ይዛችሁ ቮልቴጁን አውርዱት። በተቃራኒው ከሷ ወደ ኡኖ የሚመጣው ችግር የለውም። ለማንበብ ብቻ ከሆነማ ያችው አንዷ መስመርና ግራውንድ ይበቃሉ። የኬብሉን ቀለም ደግሞ እንዳታምኑ። ቀይ ሁልጊዜ ፕላስ ነው ያላችሁ ማነው? ከመሰካታችሁ በፊት መልቲሜትር አውጡ። ኮኔክተሯ በፒንና በፒን መካከል 1.25 ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ የብሬድቦርድ ጃምፐር አይገባባትም፤ አብሯት የመጣውን ኬብል ከጣላችሁ መበየድ ሊኖርባችሁ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ሞጁሏ መብራት ስታገኝ ማንም ሳይጠይቃት በሰከንድ 100 ጊዜ ታወራለች፤ ፍጥነቱ 115200 ባውድ ነው። እያንዳንዱ ንግግሯ ዘጠኝ ባይት ነው። ዘጠኝ! ከስልክ ቁጥር ያነሰ። አንዱን በተራ ቁጥር ልጻፍላችሁ፦

89፣ 89፣ 180፣ 0፣ 44፣ 1፣ 64፣ 9፣ 220

የመጀመሪያዎቹ ሁለት 89ዎች «ጀመርኩ» የሚሉ ሰላምታ ናቸው። ሦስተኛውና አራተኛው ርቀት ናቸው፤ ትንሹ ይቀድማል፣ ትልቁ ይከተላል፤ ትልቁን በ256 አባዝተህ ትንሹን ትደምራለህ። እዚህ 180 እና 0 ስለሆነ 180 ሴንቲሜትር። አምስተኛውና ስድስተኛው የተመለሰው ብርሃን ጥንካሬ ነው፤ 44 ሲደመር 256፣ ማለትም 300። ሰባተኛውና ስምንተኛው የቺፑ ሙቀት፤ 64 ሲደመር 9 ጊዜ 256 ይሆናል 2368፤ ለ8 አካፍለህ 256 ስትቀንስ 40 ዲግሪ ሴልሺየስ። የመጨረሻው ቼክሰም የሚሉት ማመሳከሪያ ነው፦ የፊተኞቹን ስምንት ደምራቸው፣ 476 ይመጣል፤ ከ255 ካለፈ 256 ቀንስለት፣ 220። እሷም የላከችው 220 ነው። ተስማማ። ንግግሩ መንገድ ላይ አልተበላሸም።

በቃ፣ ይሄው ነው። ይሄን ለመረዳት ማስተርስ አያስፈልግም። የሱቅ ሒሳብ የሚችል ልጅ በእርሳስ ይሠራዋል። እኔ አንድ ከሰዓት ቁጭ ብሎ ሃያ መስመር ኮድ በራሱ የጻፈ ተማሪ፣ አሥር ላይብረሪ ከጫነው ተማሪ በላይ ይህችን ሞጁል ያውቃታል እላለሁ። ስትታመምም የት እንደሚያማት ያውቃል።

«ቼክሰሙን ባላየውስ ምን ይሆናል? ሽቦዬ አጭር ነው፣ አይበላሽም» ይሉኛል። ጥሩ። በትሩን ይዘን ከአንድ ግድግዳ 89 ሴንቲሜትር ርቀት ላይ እንቁም። ርቀቱ 89 ስለሆነ ንግግሩ እንዲህ ይሆናል፦ 89፣ 89፣ 89፣ 0፣ 44፣ 1 እያለ ይቀጥላል። ሦስት 89 ተከታትለው መጡ፤ ሁለቱ ሰላምታ፣ ሦስተኛው ርቀት። አሁን የኛ አርዱዪኖ ንግግሩን ከመጀመሪያው ሳይሆን ከሁለተኛው ባይት ላይ ማዳመጥ ጀመረ እንበል። አዲስ ሲበራ ወይም በሌላ ሥራ ተጠምዶ አንድ ባይት ሲያመልጠው የሚሆን ነገር ነው። ሁለት 89 አየ፣ «ሰላምታ ነው» አለ። ቀጥሎ ያለውን 0 የርቀቱ ትንሽ ክፍል፣ 44ቱን ትልቅ ክፍል አድርጎ ወሰደው። 44 ጊዜ 256፣ 11264 ሴንቲሜትር። 112 ሜትር! ከአንድ ሜትር ባነሰ ርቀት ግድግዳ የቆመበት ሰው በትሩ ዝም አለው። መንገዱ ክፍት ነው ማለት ነው። ሰውየው ባለበት እስከቆመ ድረስ ደግሞ ቀጣዩም ንግግር እንዲሁ ተዛንፎ ነው የሚነበበው።

ይሄ ለማስፈራራት የፈጠርኩት ተረት አይደለም፤ ከላይ ያለውን ሒሳብ ወስዳችሁ በወረቀት ሥሩት። ቼክሰሙን ያየ ኮድ ግን ዘጠነኛውን ባይት ሲያመሳክር በመላው አጋጣሚ ማለት ይቻላል ይይዘዋል፤ ይጥለውና ትክክለኛውን ሰላምታ ይፈልጋል። የሚያስፈልገው አንድ «ኢፍ» ነው። አንድ መስመር! ይህች መስመር ናት በየሪፖርቱ የምትጠፋው።

እሺ፣ ቼክሰሙ ተስማማ እንበል። ያ ማለት «የተላከው በትክክል ደርሷል» ማለት ነው እንጂ «የተላከው እውነት ነው» ማለት አይደለም። የፖስታ ቤት ማኅተም ደብዳቤው እንዳልተከፈተ ይነግርሃል፣ ውስጡ ያለው ወሬ እውነት ይሁን ውሸት አይነግርህም። እውነትነቱን የሚናገሩት አምስተኛውና ስድስተኛው ባይት ናቸው። የአምራቹ ሰነድ በግልጽ ያስቀምጠዋል፦ ጥንካሬው ከ100 በታች ከሆነ የተመለሰው ብርሃን ደካማ ነው፣ ርቀቱን አትመኑ፤ 65535 ከሆነ ደግሞ ብርሃኑ በዝቶ ዓይኗን አጥፍቷል፣ አሁንም አትመኑ። ሞጁሏ አልዋሸችም። «አላየሁም» ብላ በጨዋ ደንብ ተናግራለች። የዋሸው ሁለቱን ባይቶች አንብቦ የጣለው ኮድ ነው።

ይሄ መቼ ያጋጥማል? ሁልጊዜ። ላብራቶሪ ውስጥ ግን አያጋጥምም፤ ጣጣው እሱ ነው። ላብራቶሪው ነጭ ግድግዳ አለው፣ መጋረጃ አለው። 90 በመቶ ብርሃን የሚመልስ ነገር ላይ እስከ 8 ሜትር ትለካለች ተብሎ ማስታወቂያው ላይ የሚጻፈው ይሄኛው ነው። 10 በመቶ ብቻ የሚመልስ ጥቁር ነገር ላይ ግን 2.5 ሜትር ነው። ነጭ ነጠላ የለበሱ እናትና ጥቁር ኮት የለበሰ ሰውዬ እኩል ርቀት ላይ ቆመው ለሞጁሏ እኩል አይታዩም። ላብራቶሪው ውስጥ ያለው ብርሃን ጥቂት መቶ ሉክስ ነው፤ ቀትር ላይ ደጅ ወጥተህ ፀሐይ ላይ ስትቆም ወደ 100 ሺህ ይጠጋል፣ በዚያ ሁሉ የፀሐይ ኢንፍራሬድ መካከል የራሷን ብርሃን ለይታ መስማት አለባት። የመስታወት በር ሲመጣ ብርሃኑ አልፎ ይሄዳል፤ ከበሩ ጀርባ ያለውን ወንበር ትለካለች። አዲስ አበባ ውስጥ ስንት የመስታወት በር እንዳለ ቁጠሩ እንግዲህ። የሮቶ ውኃ ልክ እለካለሁ ብላችሁ ከላይ የምትሰቅሏት ደግሞ ውኃው ጠርቶ ረግቶ ሲውል ብርሃኑ ከፊሉ ሰጥሞ ምኑን እንደለካችሁ አታውቁም። ከ20 ሴንቲሜትር በታች የቀረበውንም በደንብ አታይም፤ ይሄም ሰነዱ ላይ ተጽፏል።

ጨረሯ ጠባብ መሆኑም አለ፤ 2 ዲግሪ። ሦስት ሜትር ላይ ስትደርስ ስፋቱ 10 ሴንቲሜትር ያህል ብቻ ነው። ለሮቦት ጥሩ፣ ለግድግዳ ልኬት ጥሩ። ወደ ፊት የተነጣጠረች ጠባብ ጨረር ግን ክዳኑ የተነሣ ጉድጓድ ላይ በላይ በላይ ታልፋለች። ልኬቱ ፍጹም ትክክል ሆኖ ሰውየው ጉድጓድ ይገባል። ይሄን የትኛውም ላይብረሪ አይነግራችሁም። ማሰብ ነው።

ወደ ሌላው ወጥመድ ልለፍ፣ በዚህ በያዝነው ዓመት ብቻ ከቁጥር በላይ ሰው ስለጠየቀኝ። ኡኖ ያለው አንድ እውነተኛ ሲሪያል በር ነው፣ እሱንም ከኮምፒውተሩ ጋር በዩኤስቢ ለማውራት ይጠቀምበታል። ስለዚህ ሁሉም ሰው ሶፍትዌር ሲሪያል የሚባለውን ይጭንና በ115200 ባውድ ለማንበብ ይታገላል። ያ ፍጥነት ለሱ ይከብደዋል፤ አንዳንዱን ባይት በትክክል ያነባል፣ አንዳንዱን ያዛባል። ቼክሰም የማያይ ተማሪ ታዲያ ምን ያያል? 180፣ 180፣ 52፣ 180፣ 9395። ከዚያ «ሴንሰሩ ፌክ ነው፣ መርካቶ ሸወዱኝ» ይላል። አልሸወዱህም። ኢኤስፒ32 ወይም ሜጋ ካለህ ትርፍ ሲሪያል በር አላቸው፣ ወደዚያ ውሰዳት። ኡኖ ብቻ ከሆነ ያለህ፣ አምስተኛውን ፒን ግራውንድ አድርገህ በአይ-ቱ-ሲ አናግራት፤ አድራሻዋ 16 ነው፣ ከሬጅስተር 0 ጀምረህ ርቀት፣ ጥንካሬ፣ ሙቀት በዚያው ቅደም ተከተል ታገኛለህ። በዚህ መንገድ የዘጠኙ ባይት ቼክሰም ስለሌለ ጥንካሬውን ማየት ይበልጥ ግዴታ ይሆናል።

ወይም ፍጥነቷን በትእዛዝ ወደ 9600 አውርደው። ግን መጀመሪያ ሒሳብ ሥራ፦ ዘጠኝ ባይት በሲሪያል 90 ቢት ነው፣ በሰከንድ 100 ጊዜ 9000 ቢት። 9600 ላይ አፍ እስከ አፉ ሞላ ማለት ነው። ስለዚህ የንግግሯንም ብዛት በሰከንድ 100 ከሆነ ወደ 20 ቀንስ። የቀየርከውን ካላስቀመጥክ መብራት ሲጠፋ ትረሳዋለች፤ ማስቀመጫው ትእዛዝ 90፣ 4፣ 17፣ 111 ነው። የመጨረሻው 111 ከየት መጣ? 90 ሲደመር 4 ሲደመር 17። ያው ቼክሰም ነው፤ እሷም እኛን ሳታመሳክር አታምነንም። ከኛ ትሻላለች።

አሁን ወደ መከራከሪያዎቹ። «ላይብረሪ እያለ ለምን ባይት እንቆጥራለን?» ላይብረሪ ክፉ ነው አላልኩም፤ እኔም እጠቀማለሁ። ብዙዎቹ ላይብረሪዎች እኮ ጥንካሬውንም ይሰጣሉ። ግን አብሯቸው የሚመጣው ምሳሌ ኮድ ርቀቱን ብቻ ያትማል፤ ተማሪው የሚገለብጠው ደግሞ ምሳሌውን ነው። ላይብረሪ ላይ የምቃወመው ይህንን ነው፦ ዳታሺቱን ላነበበ ሰው ጊዜ ይቆጥባል፣ ላላነበበ ሰው ዓይን ይሸፍናል።

«ሁሉም ሴንሰር እንደዚህ ክፍት አይደለም» የሚለው ግን እውነት ነው፣ እቀበላለሁ። የኤስቲማይክሮኤሌክትሮኒክሷ ቪኤል53ኤል0ኤክስ ለምሳሌ ሬጅስተሮቿ ዝርዝር ተጽፎ ለሕዝብ አልተሰጠም፤ አምራቹ የሰጠው በሲ የተጻፈ ሶፍትዌር ነው፣ ላይብረሪዎቹም ከዚያ የተቀዱ ናቸው። እዚያ ላይ ባይት ቆጥራችሁ ጻፉ አልልም። ግን እሷም ከእያንዳንዱ ልኬት ጋር ልኬቱ ያማረ መሆን አለመሆኑን የሚናገር የሁኔታ ቁጥር ታወጣለች። ማን ያየዋል? ከፊቷ ምንም ሲጠፋ 8190 ገደማ ቁጥር ትሰጣለች፤ በሚሊሜትር መሆኑ ነው። «ሴንሰራችን እስከ 8.19 ሜትር በትክክል ለክቷል» ብሎ የጻፈ ሪፖርት በእጄ ይዤ አንብቤያለሁ። ሞጁሏ ቢበዛ 2 ሜትር ነው የምትለካው! ሪፖርቱ በሦስት ሰው ተፈርሞበታል። የት እንደሆነ ይቅር።

«ሁለቱን ስሰካ አንዷ ትጠፋለች» የሚለውም ከዚሁ ወገን ነው። ከፋብሪካ ሲወጡ ሁሉም አድራሻቸው አንድ ነው፣ 41። አንድ ስም ያላቸውን ሁለት ልጆች ጠርተህ አንዱ ብቻ እንዲመጣ መጠበቅ አይቻልም። አንዷን በማጥፊያ ፒኗ አስተኝተህ የሌላዋን አድራሻ ትቀይራለህ፣ ከዚያ የተኛችውን ትቀሰቅሳለህ። አዲሱ አድራሻ መብራት ሲጠፋ ስለሚጠፋ ይሄ በየማብራቱ ይደገማል። ሰነዱን ላየ ሰው አሥር ደቂቃ ነው፤ ላላየ ሰው አንድ ሳምንት፣ ከዚያም ሌላ ሴንሰር መግዣ ብር።

ሌላው መከራከሪያ «ጊዜ የለም» ነው። ጊዜስ አለ። የምዕራፍ ሁለትን 40 ገጽ ከሌላ ሰው ጽሑፍ ለማሰባሰብ የሚጠፋው ጊዜ ግማሹ በቂ ነው። ከዚህ በፊት የነበሩ ፕሮጀክቶችን ገልብጦ ስም መቀየር ጊዜ ይፈልጋል እኮ፤ ይደክማል ሁሉ።

አሁን በቅርቡ ደግሞ «ኮዱን ኤአይ ይጽፍልኛል» መጣ። ይጻፍልህ። እኔ ችግር የለብኝም። ግን የጻፈልህ ኮድ አምስተኛውንና ስድስተኛውን ባይት ማየት አለማየቱን ማን ነው የሚያረጋግጠው? ባይቶቹን የማታውቅ ከሆነ ምን ብለህ ልትጠይቀው ነው? ያልጠየቅኸውን ደግሞ ሳያደርግልህ ቢቀር አታውቅበትም፤ ኤልሲዲው ላይ ቁጥር አለ፣ ቁጥሩም ያምራል።

ለፈታኞች የምለው አለኝ፣ ብዙዎቻችሁ ወዳጆቼ ስለሆናችሁ በግልጽ ልናገር። አንድ ጊዜ ተጋብዤ ዲፌንስ ላይ ተቀመጥኩ። ልጆቹ መሣሪያቸውን አበሩ፤ ስክሪኑ 143 አለ። ፈታኙ እጁን ፊቷ ላይ አደረገ፤ 143። እጁን አነሣ፤ 143። ኮኔክተሩ ሲያመጡት ላልቶ ነበር። ኮዱ አዲስ መረጃ ሳይመጣለት የድሮውን ደጋግሞ እያሳየ ነው። ፈታኙ «እሺ፣ ጥሩ» ብሎ ወደ ማጣቀሻ ዝርዝሩ አለፈ፤ በመስመሮቹ መካከል ያለው ክፍተት ልክ አይደለም አላቸው። ልጆቹ ክፍተቱን አስተካከሉ፣ ተመረቁ። ያ መሣሪያ ዛሬም 143 እንደሚል እገምታለሁ።

ለዚያ መድኃኒቱ ከባድ አልነበረም። በሰከንድ 100 ጊዜ የምታወራ ሞጁል ለግማሽ ሰከንድ ዝም ካለች አንድ ነገር ሆናለች፤ ኮዱ ሰዓት ይዞ ቁጥሩን ያጥፋ፣ የተለየ ድምፅ ያሰማ። እንግዲህ የምጠይቀው ይሄንን ነው፦ በሚቀጥለው ዓመት ተማሪ ሴንሰር ይዞ ሲመጣላችሁ ስላይዱን አስቆሙትና ሽቦውን ራሳችሁ ንቀሉት። መሣሪያው ምን ይላል? መስታወቷን በጣታችሁ ሸፍኑት። ጥቁር ኮታችሁን አውልቃችሁ ሦስት ሜትር ላይ ያዙላት። በሩን ከፍታችሁ ፀሐይ ላይ አውጧት። ከዚያ ተማሪውን አንድ ንግግር፣ ዘጠኙን ባይት፣ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፎ እንዲተረጉም ጠይቁት። አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ካልቻለ ሁለት ሳምንት ስጡትና ተመልሶ ይምጣ፤ ማንም አይሞትበትም። በትሩ ግን እንዳለ ከወጣ ማን መንገድ ላይ እንደሚይዘው አናውቅም።

አንዳንዶቻችሁ «ይሄ ሁሉ ለተማሪ ፕሮቶታይፕ?» ትላላችሁ። እሺ፣ ፕሮቶታይፕ ከሆነ ሪፖርቱ ላይ «ፕሮቶታይፕ ነው፣ ከቤት ውጭ አልተሞከረም፣ ጥቁር ነገር ላይ ይሳሳታል» ተብሎ ይጻፍ። እሱን የጻፈ ተማሪ ከኔ ሙሉ ነጥብ አለው። የሚጻፈው ግን «ውጤቱ አመርቂ ነው» የሚል ነው።

የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ሞጁሏ በእጃችሁ ያለ፣ ዛሬ ማታ ሰክታችሁ ከእጃችሁ መዳፍ፣ ከጥቁር ጨርቅና ከመስኮት መስታወት የመጣውን ዘጠኝ ዘጠኝ ባይት ኮመንት ላይ አስቀምጡልኝ። ላይብረሪ ያወጣውን ርቀት አይደለም፤ ጥሬውን ባይት። ቼክሰሙን በእጃችሁ ሠርታችሁ፣ ጥንካሬውን ጨምራችሁ። ሞጁል የሌላችሁ ከላይ ያለውን የ89 ሴንቲሜትር ምሳሌ ወስዳችሁ ርቀቱ 345 ሴንቲሜትር ሲሆን ምን እንደሚፈጠር አስሉ። ፍንጭ ልስጣችሁ፦ 345 ማለት 89 ሲደመር 256 ነው። መጀመሪያ በትክክል የመለሰ ሰው ከኔ አንዷን ሉና ይወስዳል፤ ትርፍ አለችኝ፣ ኬብሏ ግን ተቆርጧል፣ መበየድ የናንተ ነው።